የአርባ ሦስት ቁጥር ቦታ

የካሳው ማመልከቻ የሚዘጋው አርብ ስድስት ሰዓት ነበር። አርብ ጠዋት ሴትየዋ ያልተፈረመውን የምስክርነት ወረቀት በደረቷ ሸጉጣ የባሏን የድሮ የሥራ ጓደኛ የአጅሬን በር አንኳኳች። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ባሏ አሥራ አንድ ዓመት በፋብሪካው ቦይለር ክፍል የእንፋሎት ቧንቧ አስቤስቶስ በሚባል የሙቀት መከላከያ ሲጠቀልል ኖሯል። ነጩን ብናኝ በቱታው ተሸክሞ ይመጣል፤ እሷም ደጃፍ ላይ አራግፋ ታጥባለች። አሁን ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ሐኪሙ በሽታው ከብናኙ የመጣ ነው ብሎ ጽፎለታል። የፋብሪካው መዝገብ ግን ባሏን የመጋዘን ሠራተኛ ነው ይላል። በቦይለር ክፍል የተመዘገበው ባለ አርባ ሦስት ቁጥር ሠራተኛ አጅሬ ነው።

አጅሬ ሙቀት አይችልም። በተቀጠረ በሳምንቱ ቦይለሩ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። ባሏ ያኔ ድንጋይ የሚፈነቅል ጎረምሳ ነበርና፣ «በር ላይ የየራሳችንን የመግቢያ ካርድ እንምታ፤ ከዚያ አንተ የእኔ ቦታ መጋዘን ግባ፣ እኔ ያንተ ቦታ እገባለሁ» አለው። ፎርማኑ ቦታው እስከተሸፈነ ድረስ ማንም ይግባ ግድ አልነበረውም። ፎርማኑ ዛሬ በሕይወት የለም፤ እውነቱን የሚመሰክር አጅሬ ብቻ ቀርቷል።

በሩን የከፈተችው የአጅሬ ሚስት ናት።

«ዛሬም መጣሽ?»

«ዛሬም መጣሁ፣ እህቴ። ነገ አልመጣም፤ ነገ ምን ይረባኛል?»

አጅሬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ይፈታታል። ቀና አላለም።

«ሰውዬሽ ምን ይላል?»

«ወገቡ ተሻለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«የእኔን ወገብ?» ሊስቅ ሞከረና ተወው።

ሚስቱ መሀል ገባች። «መዝገብ አጭበርብሬያለሁ ብሎ ፈርሞ ጡረታውን ቢቆርጡበትስ? አንቺ ትጦሪናለሽ?»

ማንም አይነካውም ለማለት ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ባሏ በዓይነ ኅሊናዋ ድቅን አለባት። ሆኖም መዋሸት አልሆነላትም።

«ጠበቃውን ጠይቄዋለሁ። ‹ላይነኩት ይችላሉ፤ አይነኩትም ብዬ ግን አልምልም› አለኝ።»

ተናግራ ሳትጨርስ፣ ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ። ይኸው፣ በገዛ እጇ ባሏን ገደል ከተተችው።

አጅሬ መፍቻውን አስቀመጠ። «አንቺ ሴት፣ መዋሸት እንኳ አትችዪም።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ለአንቺም አልነገርኩሽም። ባለፈው ወር ፋብሪካው የቦይለር ሠራተኞችን ለሳንባ ምርመራ ጠርቶን ነበር። ሐኪሙ የሳንባዬን ራጅ አይቶ ሳቀ። ‹እዚያ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተው ሳንባዎ የሃያ ዓመት ልጅ ይመስላል፤ ተአምር ነው› አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።»

ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ኮትህ ከበሩ ኋላ ነው» አለችው።

የካሳው ቢሮ ሲደርሱ ሰልፉ እስከ ደረጃው ወርዷል። ሴትየዋ በየደቂቃው የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ተራቸው የደረሰው ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ነው።

«አሥራ አንዱንም ዓመት እርስዎ መጋዘን ነበሩ?» አለ ጸሐፊው።

«አዎ።»

«ቦይለር ክፍል አንድም ቀን አልሠሩም?»

«አንድ ሳምንት። ከዚያ ወደቅኩ። ሌላውን ሁሉ የሠራው የእሷ ባል ነው።»

አጅሬ ፈረመ። ጸሐፊው ወረቀቱን ይዞ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። በሩ ተዘጋ። ሴትየዋ ነጠላዋን እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠመዘዘችው። ለስድስት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጸሐፊው ወጣ፤ ማኅተሙንም መታበት።

«ተቀብለናል። ውሳኔው በሦስት ወር ውስጥ በደብዳቤ ይደርሳችኋል።»

ሦስት ወር። ደረጃውን ስትወርድ ባሏ በሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚያስል በልቧ ታሰላ ነበር። አጅሬ ከኋላዋ ዝግ ብሎ ይከተላል። ታችኛው ደረጃ ላይ ቆመ።

«ሄጄ ባየውስ?»

«ና» አለችው። «ግን እንዳታስቀው አደራ። ሲስቅ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል።»