ሁለት ጨረቃ ያለው ጓሮ

እውነቱን እንናገር ከተባለ ጥፋቱ የገላኔ ነው። ቦሌ ላይ ሕንፃ እንደ እንጉዳይ በሚፈላበት በዚያ ዘመን፣ እሷና ባልደረቦቿ አምስተኛ ፎቅ ላይ ተሰብስበው ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተውን ጌም ይሠሩ ነበር፤ ምድር ጠብባቸው ሌላ ፕላኔት ላይ ስለሰፈሩ ሰዎች። የፕላኔቷን ተራራና ወንዝ መሥራት የእሷ ድርሻ ነው። ቀኑ ሲያጥርባት ጊዜ አዲስ አገር መፍጠሩን ትታ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን በፊት ከአየር የተነሣ ፎቶ አወጣችና የተወለደችበትን መንደር እንዳለ ጌሙ ውስጥ ገለበጠችው። አፈሩን ሐምራዊ ቀባች፣ ሰማዩ ላይ ሁለት ጨረቃ ሰቀለች፣ በቃ። ማን ያውቅብኛል ብላ ነዋ።

መሬቱ ግን አወቀባት። ጌሙን እየተጫወተች ስህተት የምትለቅመው ሸይማ አንድ ቀን ጠራቻት። «እዚህ ጋ መሬቱ ይከዳኛል፤ እግሬ ሰምጦ ይቀራል» አለቻት። እውነትም ቀዳዳ አለ፤ ቢበዛ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ገላኔ ደፈነችው። በማግስቱ ተከፍቶ አገኙት። ደግማ ደፈነችው፤ ተከፈተ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አበጠሩት፣ ምንም የለበትም። አለቃቸው ሃይደር «ሰኞ ለሕዝብ ይለቀቃል፣ እኔ ቀዳዳ አላውቅም» ብሎ ሄደ። ገላኔን ግን ሰውነቷን ይወርራት ጀመር፤ ያንን ስክሪን ብቻዋን ማየት ፈራች።

አመሻሽ ላይ ቤት ገብታ ለእናቷ ለደሪቱ እንደ ቀልድ አወራችላት። ደሪቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«የት ጋ ነው ቀዳዳው?»

«ከጅረቱ ከፍ ብሎ፣ የኛ ቤት በነበረበት።»

ደሪቱ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ነገ ቢሮሽ ውሰጂኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገላኔ በፊት ደሪቱ ሌላ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ከመነሣቷ በፊት ሞተች። ክርስትና ያልተነሣ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርምና፣ አባቷ ጃራ ጓሮ፣ ቅንጭቡ ሥር ቀበራት። መሬቱ ለኮንዶሚኒየም ሲወሰድ የካሳ ግምት ሰዎች መጡና «የሚነሣ መቃብር አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ጃራ ስም እንኳ ያልወጣላትን ልጅ ምን ብሎ ያስመዝግብ? ዶዘር ገባ። ጃራም ሞተ። ደሪቱ እዚያው በተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም እየኖረች፣ ዓመታት ሙሉ በየብሎኩ መሃል ብትዞር ልጇ የቱ ጋ እንዳለች መለየት አቃታት። ጅረቱ ተደፍኗል፣ ጉብታው ተደልድሏል፤ በምን ትለየው?

በማግስቱ ስክሪኑ ፊት አስቀመጧት። ገላኔ የሚጫኑትን ቁልፎች አሳየቻት። ደሪቱ የጠፈር ልብስ የለበሰውን ሰውዬ ከጅረቱ አወጣችው፣ ጉብታውን በግራ ትታ አዞረችው። «ይሄ በረቱ። ይሄ ደጃፋችን» ትላለች፣ ሐምራዊውም አፈር ጨረቃውም ሳይገርማት። ወደ ጓሮ ዞረች፣ ጥቂት ተራመደች፣ የሰውዬው እግር ሰመጠ።

«እሷ ናት» አለች፤ አለቀሰች። ሊቆጣ የመጣው ሃይደር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቆይቶ «ቀዳዳው እንዳለ ይሁን» አለ።

«አሁን ምን ተሠራበት?» አለች ደሪቱ።

ገላኔ የዛሬውን ካርታ በድሮው ፎቶ ላይ ደረበችው። ጠዋት ጠዋት ወደ ቦሌ ስትመጣ የምትሰለፍበት የታክሲ ሰልፍ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እህቷ ላይ ቆማ ስልኳን ስትነካካ ነው የኖረችው።

«ሣር ነው እማዬ። ባዶ ሣር።»

ደሪቱ እንባዋን ጠረገች። «ተመስገን። እንግዲያው ነገ በጠዋት አሳዪኝ።»

ገላኔ ሌላ ሣር ፈልጌ ላሳያት ብላ አሰበች፤ ሲነጋ ግን እግሯ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ እምቢ አለ። ሰልፉ ጋ ሲደርሱ ቆመች። የቦሌ ለሚ ፋብሪካ ልጆች፣ ተማሪዎች፣ ምሳ ዕቃ የያዙ ሰዎች፣ ስድሳ ይሆናሉ። «እዚያ፣ ምሰሶው ጎን ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «ዋሸሁሽ።»

ደሪቱ አስፋልቱን አየች፣ የቆመውን ሕዝብ አየች። አልተቆጣችም። ያኔ ለሕፃን አይለቀስም ብለው የከለከሏትን ኀዘን፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች፤ ሰው ሲጠጋ ተጠጋች፣ ምሰሶው ጎን ስትደርስ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ከፊቷ ክፍት ቦታ ሆነ።

«እማማ፣ ይጠጉ እንጂ፣ ሰው ይረፍድበታል» አላት ተራ አስከባሪው።

«እናንተ እለፉ ልጄ» አለችው፤ «እኔ ደርሻለሁ።»