ኤርሚን ያልጠየቀችው ድምር

ኦቪድ ላንድሪ ከሃያ ዓመት በላይ የወታደር መኪና ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ ከሠራዊቱ በተሰናበተ ሰሞን፣ ቤቱ መግባቱን ልቡ አላመነም ነበር። ሉዊዚያና ውስጥ፣ ረግረጉ ዳር፣ ሚስቱ ከአባቷ በወረሰችው የእንጨት ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነሳል፤ ጫማውን ያጠልቃል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል። በረንዳው ላይ ቆሞ ጉሙን ያያል። ጉሙ ከውሃው ተነስቶ በዛፎቹ መሐል ሲያልፍ፣ ከቅርንጫፎቹ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለውን ግራጫ ሐረግ ሲዳስስ፣ የቆመበት ቤት ራሱ ገመዱን በጥሶ ቀስ እያለ ወደ ባሕር የሚንሳፈፍ ይመስለዋል።

ኤርሚን አላጣደፈችውም። አንድ ጠዋት ብቻ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ አምባዛዎቹ ተሰልፈው ሰላምታ እስኪሰጡህ ነው የምትጠብቀው?» አለችው።

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጀልባዋን ይዞ መውጣት ለመደ። መንጠቆ የታሰረበትን ገመድ ከግንድ ግንድ ይዘረጋል፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ይላል። ውሃው ጥቁር ነው፤ ሰማዩም ዛፉም ሳይጎድል ይታይበታል። አንዳንዴ ከላይ ያለው የትኛው፣ ከታች ያለው የትኛው እንደሆነ ይምታታበታል፤ መምታታቱም ደስ ይለው ነበር።

እንዲህ እንደዋዛ የማይታለፍ አንድ ጉዳይ ግን ነበረበት። ወታደር ሳለ የተገባለት የሕይወት መድን ከተሰናበተ በኋላ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው የሚቆየው። ከዚያ ወይ በሌላ ይተካል፣ ወይ ጨርሶ ይቀራል። ኦቪድ ነገሩን አቅልሎ ወደ አንድ የግል ኩባንያ ጎራ አለ። አረቦኑ ርካሽ ነበር፤ መጀመሪያ ግን ሐኪም ይይህ አሉት። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ራጅ አነሳ፣ ደግሞ አነሳ። ኦቪድ በዘመተበት አገር ከጦር ሰፈሩ አጠገብ ቀን ከሌት ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጉድጓድ ነበር፤ የዚያ ጢስ ሳንባው ላይ ጠባሳ ትቶበታል። ኩባንያው በትሕትና አሰናበተው። ኦቪድ ይህን ሁሉ ለኤርሚን ትንፍሽ አላለም። ሳሉን የእርጥበቱ ነው ይላታል።

በመጨረሻ የተሰናባች ወታደሮችን ጉዳይ የሚያዩት ወይዘሮ ዱጋ ዘንድ ሄደ። እሳቸውም የወታደር ሚስት የነበሩ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ባልቴት ናቸው። ታሪኩን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ አረጋጉት። የተሰናባቾች የጋራ መድን የሚባል አለ፤ በጊዜ ለመጣ ሰው ስለ ጤናው አይጠየቅም፤ ችግሩ ዕድሜ በገፋ ቁጥር በየአምስት ዓመቱ አረቦኑ ይጨምራል። ሁለተኛው የሠራዊቱን መድን ወደ አንድ ኩባንያ የዕድሜ ልክ መድን ማዛወር ነው፤ እዚያም ጤና አይጠየቅም፤ ከመነሻው ውድ ነው፣ ግን ከዚያ ወዲያ ዋጋው ንቅንቅ አይልም። የመመዝገቢያ ቀኑ ቀድሞ የሚያልፈውም እሱ ነው።

«ሦስተኛው ምንም አለማድረግ ነው» አሉት ወይዘሮ ዱጋ። «ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚመርጠው እሱን ነው። ከሚስትህ ጋር ተማከርና ተመለስ ልጄ። ግን እንዳትተኛበት።»

በዚያው ቀን እራት ላይ ነገሩን አነሳው፤ የሳንባውን ነገር ዘሎ። ኤርሚን ማንኪያዋን አስቀመጠች። አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ኦቪድ መጀመሪያ ሊዘምት ሲል፣ አንድ ወጣት መኮንን ሚስቶቹን አዳራሽ ሰብስቦ ባሎቻቸው ቢሞቱ የሚያገኙትን የገንዘብ ድምር ነግሯቸው ነበር። አንዳንዶቹ በማስታወሻ ጽፈው ያዙ። እሷ መጻፍ አላስፈለጋትም፤ ቁጥሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎኗ፣ በባዶው የአልጋ ወገን፣ አብሯት ሲተኛ ኖረ። መኪና በጠጠሩ መንገድ ላይ ዝግ ሲል፣ መርዶ የመጣ እየመሰላት፣ ያ ቁጥር ቀድሟት ይነሳል።

«ስትሞት የማገኘውን አውቀዋለሁ» አለችው። «ስትኖር የማገኘውን ግን ገና አላየሁትም። ያንን ነገር እዚህ ቤት እንዳታስገባብኝ።»

ኦቪድ ከዚያ ወዲህ አፉን ያዘ። ቀኖቹ እርስ በርስ እየተቀላቀሉ ሄዱ። ሙቀቱ በረደ፤ የረግረጉ ዛፎች ዝገት መሰሉ፤ ቅጠላቸው ውሃው ላይ ረግፎ የሚረገጥ ምንጣፍ አስመሰለው። ጀልባዋ ውስጥ ሸለብ ሲያደርገው በሕልሙ በዚያ ምንጣፍ ላይ ይሄዳል፤ የድሮ ጓደኞቹ ከነመለዮአቸው በየግንዱ ሥር ተደግፈው ተኝተዋል፤ እንዳይቀሰቅሳቸው በእግር ጣቱ ይራመዳል። ሲነቃ ሳሉ ያንገበግበዋል። የዕድሜ ልኩ መድን ቀን በዚህ መሐል አለፈ። ኦቪድ ማለፉን አውቆታል፤ ግን ነገሩ ሁሉ በሌላ ሰው ላይ የሚሆን ይመስለው ነበር።

አንድ ጠዋት ኤርሚን የዝናብ ልብሷን ለብሳ ጀልባዋ ውስጥ ቀድማው ተቀምጣ አገኛት። ጉሙ እጅግ ስለከበደ የጀልባዋ አፍንጫ እንኳ አይታይም። የመጀመሪያውን ገመድ ሲስብ አንድ ትልቅ አምባዛ ተንፈራገጠበት፤ ታግሎ አወጣውና ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። ሳሉ አልቆም አለው። ኤርሚን ሞተሩን አጠፋች። ጀልባዋ ወደ ፈቀደችው አቅጣጫ ተንሳፈፈች።

«ስንት አገር ሆነህ በስልክ ስትተነፍስ ሰምቼሃለሁ» አለች። «የእርጥበትን ሳል ለይቼ የማላውቅ ይመስልሃል?»

ያኔ ነገራት። ጉድጓዱን፣ ራጁን፣ ኩባንያው ምን እንዳለው፤ አንዱን ዕድል ተኝቶ ማሳለፉንም። ስለ ሕመሙ አላለቀሰችም። የከፋት ሌላ ነበር።

«ለባዕድ ደረትህን አሳይተህ፣ ለኔ ጀርባህን ትሰጠኛለህ?»

ጀልባዋ አንድ ዛፍ ነክታ ዞረች። ኦቪድ መድኑን ለመግባት የእሷ ፊርማ እንደማያስፈልግ፣ ደብቆ ሊያደርገው ይችል እንደነበር፣ ግን አንድ የተደበቀ ነገር ላይ ሌላ መጨመር እንዳቃተው አወጋት።

«ነገ የሳንባ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አለች። «ከዚያ ወደ ወይዘሮ ዱጋ። ድምሩን ግን እንዳትነግረኝ። ተጠቃሚዋ እኔ ብሆንም ማወቅ አልፈልግም።»

«ስሞት ትሰሚው የለ?»

«ለመሞቱም ቢሆን ተራህን ጠብቅ።»

የጋራው መድን ቀን ገና አላለፈም ነበር። ወይዘሮ ዱጋ ወረቀቱን ሲያዘጋጁ፣ ኦቪድ የሚመርጠውን ድምር ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራቸው፤ የባልና ሚስቱ አቅም በሚፈቅደው ልክ፣ ከወታደርነቱ ዘመን ባነሰ። ኤርሚን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጠበቀች። የዕድሜ ልኩ ስላመለጣቸው ኦቪድ ይቅርታ ጠየቃት፤ ይህኛው በየአምስት ዓመቱ እየተወደደ እንደሚሄድ ደገመላት።

«ይወደድ» አለች ኤርሚን። «በተወደደ ቁጥር መኖርህን አውቃለሁ።»

የሳንባ ሐኪሙ ጠባሳው እንደማይጠፋ፣ ግን ሳይብስ ባለበት ሊቆይ እንደሚችል ነገራቸው፤ ጢስ እንዲርቅ፣ በትንፋሽ የሚሳብ መድኃኒት እንዲወስድ አዘዘው። ኦቪድ የዓሣ አጥማጆችን ሞተር መጠገን ጀመረ። እንደ ቀድሞው መንቀሳቀስ አልቻለም፤ ግማሽ ቀን ሠርቶ ግማሹን በረንዳው ላይ ያርፋል። ኤርሚን ከጎኑ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ለዓመታት በስልክ ብቻ የተነጋገሩ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝም ማለትን ተማሩ፤ ይህም ጊዜ ወሰደባቸው።

አረቦኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨመረ ጊዜ ኤርሚን ትልቁን ድስት አውጥታ ጋምቦ የሚባለውን የአገሩን ወፍራም ሾርባ ሠራች፤ ሸርጣኑንም ቋሊማውንም አልሰሰተችም። ጎረቤቶቹን ጠራች። የማን ልደት ነው ሲሏት፣ «የመድን ድርጅቱ ዋጋ ጨመረብን» አለች። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ በሉም።

ሁለተኛው ጭማሪ የመጣው ወንዙ በሞላበት ጸደይ ነው። ውሃው አጥሩን አልፎ ግቢውን ያዘ፤ ትንንሽ ዓሦች በጽጌረዳው ሥር ይመላለሱ ነበር። ኤርሚን ግብዣውን አልሰረዘችም። እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ በየጀልባቸው መጥተው ጀልባዎቹን ከበረንዳው ምሰሶ አሰሩ። ሩዙም ጋምቦውም በሳህን እየተጨለፈ ከበረንዳ ወደ ጀልባ በቅብብል ተላለፈ፤ አንዱ አኮርዲዮን ይዞ መጥቶ ነበር። ኦቪድ ከደረጃው የመጨረሻ መርገጫ ላይ ተቀምጦ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ይበላል፤ በምግቡ መሐል ቆም እያለ ይተነፍሳል። ኤርሚን ሳህኑን ተቀብላ ሳትጠይቀው ሞላችለት፤ ቀሚሷን ሰብስባም ከጎኑ ቁጭ አለች።