ከየት እንደመጣ ያልተጻፈበት ዓሣ

ባለሱቁ አድማሴ የማቀዝቀዣውን ክዳን ሲያነሣ ነጭ እንፋሎት የመቅደላዊት ፊት ላይ መጣ። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። በአንድ ወገን በሰማያዊ ካርቶን የታሸገ የዓሣ ሳምቡሳ ተደርድሯል፤ የት እንደተዘጋጀ፣ ዓሣው ከየትኛው ሐይቅ እንደወጣ፣ የሚያበቃበት ቀን ሳይቀር ተጽፎበታል። በሌላው ወገን ያለው በፌስታል የታሰረ ነው። አንድ የዓሣ ሥዕል አለበት እንጂ አንዲት ፊደል የለበትም። ዋጋው ግን የካርቶኑን እኩሌታ አይሞላም።

«ይኼኛው ከየት ነው የመጣው?» አለችው።

«ከውጭ ነው።»

«ከየት ውጭ?»

«እኔ ምን ዐውቄ እትዬ? አከፋፋዩ ያመጣል፣ እኔ እሸጣለሁ። ሰው እየበላው ነው፤ እስካሁን የሞተ የለም» ብሎ ሳቀ።

አንዱን ፌስታል ልታነሣ ስትል ሦስቱ ተጣብቀው አብረው መጡ። ቀልጦ የነበረ ነገር እንደገና ሲበርድ እንደዚያ እንደሚሆን ታውቃለች። ሰሞኑን ጎንደር ፒያሳ ላይ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። ለያይታ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

መቅደላዊት ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ባለ አራት ጠረጴዛ ምግብ ቤት አላት። በጾም ተማሪው የሚመጣላት ለዓሣ ሳምቡሳዋ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ዓሣው ከየት እንደመጣ ጠይቃ አታውቅም፤ መጠየቅ አያስፈልጋትም ነበር። አያ ክንዱ የሚባል የጣና ዳር፣ የጎርጎራ ዓሣ አጥማጅ ማለዳ ያወጣውን በዚያው ዕለት ይልክላታል፤ እርሷና አብራት የምትሠራው እንኳየሁ ሙያውን ያውቁበታል፣ ይጠቀልሉታል፣ ይጠብሱታል። በዚህ ዓቢይ ጾም ግን መንገዱ በጸጥታ ችግር ምክንያት ከተዘጋ ሦስት ሳምንት አለፈው። የአያ ክንዱም ስልክ አይሠራም። ሽሮና ምስር ጎረቤቶቿም ይሠራሉ። ጠረጴዛዎቿ ባዶ ሆኑ፤ የቤት ኪራዩ ቀን ደግሞ አይጠብቅም።

ካርቶኑን አነሣች፣ መለሰች። ያንን ገዝታ ብትሸጥ ተማሪው ዋጋውን ሰምቶ ይሄዳል። ፌስታሉን አሸተተችው፤ ብርድ ብቻ ነው የሚሸተው።

«አምስት ስጠኝ» አለች ከፌስታሉ።

ማግሥቱ ሐሙስ ነበር። ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ሲገባ ደኅና ሽታ ሰጠ። መቅደላዊት አንዱን ቀመሰች፤ ጨው በዝቶበታል እንጂ ሌላ ነውር አላገኘችበትም። እንኳየሁ ሁለት በላች። ተማሪዎቹ «ዓሣ መጣ!» ተባብለው ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ይጎርፉ ጀመር። ፍቅርተማርያምም መጣች። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ የመሪጌታ ወልደኢየሱስ ልጅ። እንደ ሌላው ተቀምጣ አትበላም። በጓሮ በኩል ገብታ ሦስት ሳምቡሳ በጋዜጣ ታስጠቀልልና ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። አባቷ ዓሣን በጾም ከሥጋ ለይተው አያዩትም፤ ቤት ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምትጾም ነው የሚያውቁት። መቅደላዊት ይህን ሁልጊዜ በፈገግታ ነበር የምታሳልፈው።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኳ ጮኸ። አያ ክንዱ ነበር።

«ምነው ጠፋህ አያ! ደኅና ነህ ወይ?»

«እኔ ሸጋ ነኝ። ኔትዎርክ ፍለጋ ዳገት ወጥቼ ነው። ስሚኝ እንዲያው፣ ከሰው ዓሣ እንዳትገዢ።»

መቅደላዊት የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች። «ምነው?»

«ባለፈው ሳምንት ዓሣው ሞቶ ተንሳፍፎ አገኘነው። መጀመሪያ ብርብራ ነው ያልን። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ላይ የሚበትን ባለጌ አይጠፋም፤ ያ ዓሣውን ያደነዝዘዋል። ኋላ ግን ዓሣውን የበሉት ወፎች ዳር ለዳር ወድቀው አየን። ብርብራ ወፍ አይገድልም። የእህል መድኃኒት ነው፣ የተባይ መርዝ ነው ይላሉ። አንድ ማኪና መጥቶ የሞተውን በጆንያ እያስጫነ በማይታወቅ መንገድ ወደ ጎንደር ነው የሄደ። እኔ በዓይኔ አየሁት። ምን አደርጋለሁ? ልነግርሽ ብዬ…»

ድምፁ ተቆራረጠና ጠፋ።

መቅደላዊት ዘይቱ እየተንጣጣ ምድጃውን አጠፋችው። «ተዪው፣ ተዪው!» አለቻት እንኳየሁን፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። ጠረጴዛ ዘንድ ከተቀመጠ አንድ ልጅ እጅ ግማሽ የተበላ ሳምቡሳ ቀማችው። ልጁ አፉን ከፍቶ አያት።

አድማሴ ጋ ደወለች። «ያ ሳምቡሳ የጣና ዓሣ ነው አይደል? እውነቱን ንገረኝ።»

«ከውጭ ነው አላልኩሽም?»

«ማነው ያመጣልህ? ስሙን ንገረኝ፣ ሰው አብልቼበታለሁ!»

ስልኩ ተዘጋ። ደግማ ስትደውል አይነሣም። ሦስተኛ ስትሞክር ጠፍቷል።

ሆዷን ያዝ አደረገችው። ቁርጠት ነው ወይስ ፍርሃት? እንኳየሁ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ላብ አጥምቋታል። «አፌ ውኃ ሞላ» አለች፤ ወዲያው ወደ ጓሮ ሮጣ አስመለሳት። መቅደላዊት ጀርባዋን እየደገፈች በሌላ እጇ ስልኳን ትነካካለች። የደንበኞቿ ቁጥር አብዛኛው አላት፤ ምሳ አድርሺልኝ የሚሉ ናቸው። አንድ በአንድ ደወለች። ምን ብላ እንደምትጀምር ግን አታውቅም። «ዛሬ የበላችሁት ዓሣ ደኅና ላይሆን ይችላል፤ የሚያማችሁ ካለ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ» ትላለች። አንዳንዱ ይስቃል። አንዱ ሰደባት። ሁለቱ ሆዳችንን አሞናል ብለው መጡ፤ እንኳየሁን ጨምራ ከጎረቤት ጋር በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው።

ፍቅርተማርያም ስልኳን አላነሣችም። መቅደላዊት አምስት ጊዜ ደወለችላት። በመጨረሻ የጓደኛዋን የመዝሙርን ቁጥር አገኘች።

«እሷማ ክፍል ውስጥ ራሴን አዞረኝ ብላ ወጣች» አለቻት መዝሙር። «ወደ ቤቷ ሳትሄድ አትቀርም። ምነው እትዬ መቅዲ?»

መቅደላዊት የተረፈውን አንድ ፌስታል በቦርሳዋ ከታ ወጣች። የመሪጌታ ቤት ከከተማው ወዲያ፣ ከሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። የተሳፈረችበት ባጃጅ ፒያሳን ሲያቋርጥ በአድማሴ ሱቅ በኩል አለፉ፤ ቆርቆሮው ተዘግቷል፤ በዚያ ሰዓት ተዘግቶ አያውቅም። መርዙ በእርሷም ገብቶ ይሆን? እጇን ዘርግታ ጣቶቿን ተመለከተች። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት፤ ልጅቷ ደኅና ከሆነችስ? በባዶ ሜዳ አባቷ ፊት ምሥጢሯን ልታወጣባት ነው። ደኅና ካልሆነችስ? ያን ጊዜ ፖሊስ የሚጠይቀው አድማሴን አይደለም፤ የጠበሰችውን እርሷን ነው። ሹፌሩን «ተመለስ» ልትለው አፏን ከፈተች። ግን አላለችውም።

በሩን የከፈቱላት የልጅቷ እናት እማሆይ ሳይሆኑ እማሆይ የሚመስሉ፣ ነጠላቸውን በመስቀለኛ ያጣፉ ሴት ነበሩ፤ እማማ አበቡ ይባላሉ።

«የልጄ አስተማሪ ነሽ?» አሏት። «ግቢ እስቲ። ጾሙ ነው የጎዳብኝ፤ ባዶ ሆዷን እየዋለች። ይኸው ከመጣች ጀምሮ ያጥወለውላታል። ጠበል ልንወስዳት ነው፤ አባቷ ልብሳቸውን እየለወጡ ነው።»

ፍቅርተማርያም መደብ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ትራሱ ረጥቧል። ላቧ በአንገቷ ይወርዳል፤ ከአፏ ዳር ለሃጭ ይዝረበረባል፤ የዓይኗ ቆብ በራሱ ጊዜ ይርገበገባል። መቅደላዊትን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ራሷን በጣም በቀስታ፣ ማንም በማያየው መጠን፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አትንገሪ ማለቷ ነው።

መሪጌታ ወልደኢየሱስ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ከጓዳ ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። «እንግዳ አለን?» አሉ።

መቅደላዊት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «የኔታ፣ እኔ ማራኪ ላይ ምግብ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ ዛሬ ከእኔ ዘንድ ገዝታ በልታለች።»

«ጾም ላይ ናት» አሉ እማማ አበቡ።

«ዓሣ ነው የበላችው። የተበላሸ ዓሣ ነው፣ ምናልባትም መርዝ ያለበት። እኔ ሳላውቅ… ሳላጣራ ገዝቼ ነው የሸጥኩላት። ጠበሉ ይቅር አልልም፤ ግን መጀመሪያ ሐኪም ቤት እንውሰዳት፣ በእግዚአብሔር!»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እማማ አበቡ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። መሪጌታ ልጃቸውን አዩ፣ መቅደላዊትን አዩ። መቅደላዊት የሚጮሁባት መስሏት ትከሻዋን ሰበሰበች።

«መቼ ነው የበላችው?» አሉ በመጨረሻ።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ከእኔ የወሰደችው።»

«ታዲያ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ባጃጁ አለ?»

ልጃቸውን ራሳቸው አቀፏት። ጋቢያቸው መሬት ሲጎተት አላነሡትም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ልጅቷ ለጥያቄ መልስ አትሰጥም ነበር። ወጣቱ ሐኪም የዓይኗን ብሌን በባትሪ አየ፣ እጆቿ ላይ ሥጋዋ ሲዘል ተመለከተ፤ ከዚያ «ምን በላች?» ብሎ ጠየቀ። መቅደላዊት ፌስታሉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ሳምቡሳው ቀልጦ ሙልጭልጭ ብሏል። ሐኪሙ ፌስታሉን ገለባበጠ።

«ምንም አልተጻፈበትም። ዓሣው የየት ነው?»

«አላውቅም» አለች። ይህችን ቃል ስትናገር መሪጌታ አጠገቧ ቆመው ነበር። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ኀፍረት ገጥሟት አያውቅም።

«እንደ ተባይ መርዝ አድርገን እናክማታለን፤ መጠበቅ አንችልም» አለ ሐኪሙ። መጋረጃው ተዘጋ።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እማማ አበቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያለቅሳሉ። መጋረጃው በተነቃነቀ ቁጥር መቅደላዊት ብድግ ትላለች። አንዲት ነርስ መርፌ ይዛ ገባች፣ ሌላዋ እየሮጠች ወጣች፤ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው የለም። መሪጌታ ወደ መቅደላዊት ዞረው፣

«ሌላ ስንት ሰው በልቷል?» አሏት።

«ከሠላሳ ይበልጣሉ፣ የኔታ። ያላገኘኋቸው አሉ።»

«እዚህ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ? ሄደሽ ፈልጊያቸው እንጂ። የእኔን ልጅ እኔ እጠብቃለሁ።»

በቁጣ ይሁን በምሕረት አልገባትም። ተነሥታ ሄደች። እየመሸ ነበር፤ በየዶርሙ በር፣ በየኪራይ ቤቱ እየዞረች ጠየቀች። ባንኳኳችው በር ሁሉ፣ እስኪከፈትላት ድረስ፣ ከውስጥ ለቅሶ የምትሰማ ይመስላት ነበር። አንድ ልጅ አስመልሶት ተኝቶ አገኘችውና አስነሥታ ወደ ሆስፒታል ላከችው። የቀሩት ደኅና ነበሩ። እርሷንም ከቁርጠት በቀር ምንም አልነካትም።

ፍቅርተማርያም በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች። በስምንተኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች። እንኳየሁና ሌሎቹ በማግሥቱ ወጥተው ነበር። መቅደላዊት በራሷ እግር ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠች። የአድማሴ ሱቅ ሲከፈት ማቀዝቀዣው የለም፣ አድማሴም የለም። ፌስታሉ ለምርመራ ተላከ ተባለ፤ ውጤቱ እስካሁን አልመጣም። የተመረዘው የሐይቁ ዓሣ ይሁን፣ ወይም በእርግጥ ከሩቅ አገር መጥቶ በመንገድ የተበላሸ፣ የሚያውቅ ሰው የለም።

ምግብ ቤቱ ለአንድ ወር ተዘጋ። ከፋሲካ በኋላ ስትከፍት ጥቂቶች ተመለሱ። አያ ክንዱ መንገዱ ሲከፈት ትኩስ ዓሣ ይዞ ራሱ መጣላት፤ እያየው የወጣ፣ በእጁ ያጠመደው ነው። ቢላዋ አንሥታ ነበር፤ የዓሣውን ሆድ ልትከፍት ስትል ግን መልሳ አስቀመጠችው። «ይቅርብኝ አያ» አለችው። እርሱም አልተጫናትም።

ፍቅርተማርያም ጋ ይቅርታ ልትጠይቅ የሄደችው ያን ሰሞን ነው። ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆማ አዳመጠቻት። ከስታለች፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባለች።

«አባቴ እስካሁን በደንብ አያናግረኝም» አለቻት። «ልትነግሪያቸው አይገባም ነበር። ለሐኪሙ ብቻ ብትነግሪው ምን ነበረበት?»

መቅደላዊት ሐኪሙ ዘንድ ለመድረስ በእነርሱ በኩል ማለፍ እንደነበረባት ማስረዳት ትችል ነበር። ይልቅ «እውነትሽን ነው» አለቻት።

አሁን ልጅቷ በዚያ መንገድ ስታልፍ ወደ ምግብ ቤቱ አትመለከትም። መቅደላዊት ግን ከምድጃዋ ቀና ብላ፣ ርምጃዋ ቀጥ ያለ መሆኑን እስክታረጋግጥ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ እስክትሰወር ድረስ በዓይኗ ትከተላታለች።