የጢንዚዛው በር

አፈሩን የሚነፉት በበርበሬ ወንፊት ነበር። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች በጆንያ ተገዝቶ የመጣውን አፈር ሁለት ረዳት መምህራን ግቢው መሃል ተቀምጠው ጠጠሩን፣ ሥራሥሩንና ትሉን ይለቅሙለታል። ለልጆቹ «ተፈጥሮን በእጅ መዳሰስ» የሚል ፕሮግራም ተይዟልና ተፈጥሮ አስቀድማ መጽዳት ነበረባት።

ዑቕባይ ደረጃው ላይ ቆሞ ይህን ሲያይ ከንፈሩ በአንድ ጎን ተጣመመ። የሥዕል መምህር ነው፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ባለው በዚህ መዋዕለ ሕፃናት ሦስት ዓመት ሲያስተምር የናቀው ነገር ተቆጥሮ አያልቅም። ግቢውን ያለበሱትን የፕላስቲክ ሣር ይንቃል። አጥሩ ላይ የተሳለውን፣ የዚህን አገር መሬት ረግጦ የማያውቅ ነጭ ድብ ይንቃል። ልጃቸው ጥጥ ላይ ባቄላ ስላበቀለ «ሪሰርች ሠራ» እያሉ የሚያወሩትን ወላጆች ይንቃል። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው ግን በየዓመቱ የሚከበረውን የተፈጥሮና የጥበብ ቀን ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይለዋል፣ በሆዱ።

የበዓሉ ደንብ የታወቀ ነው። ጠዋት ልጆቹ በአፈር፣ በቅጠልና በአበባ ሥዕል ይሠራሉ። ምሳ በልተው ሲተኙ ዑቕባይ ሥዕሎቹን «ያስተካክላል»። የተንጋደደውን ግንድ ያቀናል፣ ሰማዩን ሰማያዊ ያደርጋል፣ ባዶውን ቦታ በወፍ ይሞላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወላጆች መጥተው የልጃቸውን ተሰጥኦ ያደንቃሉ። የአራት ዓመት ልጅ የዛፍን ጥላ እንዴት አድርጎ በትክክል ጣለ ብሎ የጠየቀ አንድ አባት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዑቕባይ ለዚህም ይንቃቸዋል። ብሩሹን የሚይዘው የራሱ እጅ መሆኑን ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ትቶታል።

በዚህ ጠዋት አንዲት ልጅ ወረቀቷን ጥላ ጠፋች። ረሆቦት ትባላለች፤ ከየካ አባዶ በሰርቪስ የምትመጣ፣ ዝምተኛ የአምስት ዓመት ልጅ። ዑቕባይ ያገኛት ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ የፕላስቲኩ ሣር የሚያልቅበት ጥግ ላይ ተንበርክካ ነው። አንድ ጥቁር ጢንዚዛ መሬቱን እየቆፈረ ነበር። በኋለኛ እግሮቹ አፈሩን ይገፋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይገፋል። ዑቕባይ ሊቆጣት ጎንበስ እንዳለ አብሯት ማየት ጀመረ።

«ቤቱ ነው?» አለችው ሳትዞር።

«ይመስለኛል።»

«በር የለውማ።»

«ቀዳዳው ነው በሩ።»

ጢንዚዛው ገብቶ እስኪሰወር ጠበቁት። ከዚያ ረሆቦት ካልተነፋው አፈር አንድ እፍኝ ዘግና ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ወረቀቷን ሙጫ ቀባች፣ አፈሩን በተነችበት፣ በመጨረሻም መሃሉን በአውራ ጣቷ በሳችው። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ዑቕባይ ያን ቡናማ ወረቀት አይቶ ጢንዚዛው ውስጡ እንዳለ አወቀ። ደስ አለው፤ እዚህ ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«እንዳትነካው እሺ፣ ቲቸር።»

«አልነካውም።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን» አለ ዑቕባይ።

ልጆቹ ሲተኙ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ሰብሊ መጣች። ሥዕሎቹን እየቃኘች ዞረችና የረሆቦትን ወረቀት በሁለት ጣቷ ጫፍ አነሳችው።

«መምህር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የጢንዚዛ ቤት ነው።»

«ቆሻሻ ነው እንጂ። ደግሞ ተቀዷል። አባቷ ፎቶ አንስቶ ቢለጥፈው ሰው ምን ይለናል?» ወረቀቱን አስቀምጣ እጇን አራገፈች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «የአራብሳውን አዲስ ቅርንጫፍ የሥዕል ክፍል ለእርስዎ ነው ያሰብኩት። የቦርድ አባላቱም ዛሬ ይመጣሉ። ያሳምሩልኝ።»

ከሄደች በኋላ ዑቕባይ ሊመልስላት ይገባ የነበረውን ሁሉ ለራሱ ተናገረው፤ ጥሩ ንግግር ነበር። እየተናገረም የሌሎቹን ልጆች ግንድ አቀና፣ ሰማዩን ቀባ፣ ወፍ ጨመረ። የረሆቦት ወረቀት ላይ ሲደርስ እጁ አልቆመም። ከቢጫ ወረቀት አንድ አደይ አበባ ቆረጠና ቀዳዳው ላይ በጠንካራው ሙጫ ለጠፈው። ወላጅ አደይ አበባ ካየ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ሥዕሎቹ የተሰቀሉት በአዋቂ ዓይን ከፍታ ነበር፤ ልጆቹ አንገታቸውን አንጋጠው ነው የሚያዩት። ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው ተጋፉ። ሦስቱ የቦርድ አባላት ጁስ ይዘው በትዕግሥት ፈገግ ይላሉ። የረሆቦት አባት አቶ ፀጋዘአብ ልጁን ትከሻዋን ይዞ ሥዕሉ ፊት አቆማት።

«የኔ ጎበዝ! አበባዋን አንቺ ነሽ የሠራሻት? በይ ሳቂ፣ ላንሳሽ።»

ረሆቦት አልሳቀችም። አበባውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጥጉ ጋ ወደ ቆመው ወደ ዑቕባይ ዞረች።

«ዘጋህበት» አለችው።

«ምን አለች?» አለ አባቷ።

«አሁን በምን ይወጣል? ማርያምን ብለህ ነበር።»

ወይዘሮ ሰብሊ ለቦርዱ አባላት ሳቀችላቸው። «ልጆች እኮ የሠሩትን ይረሳሉ። መምህር፣ ይንገሯት እንጂ፣ ራሷ እንደሠራችው።»

ሁሉም እሱን ማየት ጀመሩ። ዑቕባይ አፉን ከፈተ። ቃሉ ዝግጁ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲለው የኖረው ነው። ረሆቦት ግን አታለቅስም፣ አትቆጣም፤ ዝም ብላ ታየዋለች። ያን አተያይ ያውቀዋል። እሱ ወላጆቹን፣ ነጩን ድብ፣ የፕላስቲኩን ሣር የሚያየው እንዲሁ ነው። አፈረ፤ እፍረቱ ጆሮው ድረስ አቃጠለው።

ልጅቷ ፊቷን መልሳ ወደ ሥዕሉ እጇን ዘረጋች። አልደረሰችም። በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆመች፣ አሁንም አልደረሰችም።

ዑቕባይ በሰዎቹ መሃል አልፎ ሄደና ብብቷን ይዞ አነሳት። ከገመተው በላይ ትከብዳለች። ረሆቦት አደይ አበባውን በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ሙጫው አለቅም አለ፤ ትንሽ አፈር እየተራገፈ ሸሚዙ ላይ ወረደ።

«መምህር ዑቕባይ!» አለች ወይዘሮ ሰብሊ። አሁን አልሳቀችም።

አላወረዳትም። ወደ ሥዕሉ ይበልጥ አስጠጋት።

«ቀስ በይ» አላት ለልጅቷ። «ከጠርዙ ጀምሪ።»