ጣት ወይስ ጡጫ

ኒልዳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያችኑ አንድ ጣት ስታወጣ ኖራለች።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ነፋሱ ሲበረታ ሦስቱ ጓደኛሞች ከከተማቸው ከፓራኩሩ ተነስተው የሴያራን የባሕር ዳርቻ ይዘው ወደ ምዕራብ አራት ቀን ይጓዛሉ። ሁለቱ ካይት የሚሉትን ትልቅ የጨርቅ ክንፍ ሰማይ ላይ ሰቅለው፣ ጠፍጣፋ ቦርዳቸው ላይ ቆመው፣ ነፋሱ እየጎተታቸው በባሕር ይሄዳሉ። ሦስተኛው ሻንጣውንና ምሳውን በአሮጌ ፒክአፕ ጭኖ በአሸዋው ላይ ይከተላቸዋል። ነፋሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚነፍስ በባሕር የሄደ ሰው በባሕር አይመለስም፤ ስለዚህ ሹፌር የግድ ነው። ሹፌሩ የሚለየው በየማለዳው ነው። እጃቸውን ከጀርባቸው ደብቀው "ዜሮ ወይስ አንድ" ይሉና ባንዴ ያወጣሉ። ጡጫ ዜሮ ነው፣ ጣት አንድ ነው። ከሌሎቹ የተለየ መሪ ይጨብጣል።

ኒልዳ ሁሌም ጣት ታወጣለች። ግሌይድሰንና አዳኢልተን ይህን ስለሚያውቁ ሁሌም ጡጫ ያወጣሉ። ከዚያ ግሌይድሰን ከንፈሩን ይመጥና "ዕድል የለሽም እህቴ" ይላል፤ ፊቱን ያየ ሰው ለቅሶ ቤት የደረሰ ይመስለዋል። ክፋት አይደለም። ሁለቱም ባሕር ላይ ጀግኖች ናቸው፣ አሸዋ ላይ መንዳት ግን ያርበደብዳቸዋል። ኒልዳ ደግሞ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ነች፤ በእሷ እጅ ያልተገራ መኪና የለም።

እነሱ የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ ኒልዳ ተንኮላቸውን በሁለተኛው ዓመት እንደደረሰችበት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እያወቀች ጣቷን ታወጣለች፤ ምክንያቱም ባሕሩን ትፈራለች። ከከተማው ጀርባ ያለው ሐይቅ ላይ፣ ወገብ በማይደርስ ውሃ፣ በካይቷ እንደ ወፍ ነች። ማዕበል ስታይ ግን ወደ ዳር ትሸሻለች። "ዕጣው አልወጣልኝም" ማለት "ፈራሁ" ከማለት ይቀላል።

ዘንድሮ ግን ግሌይድሰን ለሥራ ወደ ደቡብ ሊዛወር ነው። ይህ የመጨረሻው ጉዟቸው ነው፣ ዛሬ ደግሞ የጉዞው የመጨረሻ ቀን። ዛሬ ካልሆነ በዚህ ጉዞ አንድም ቀን ባሕር ላይ ሳትሄድ ልትቀር ነው። ኒልዳ ሌሊቱን ይህንን ስታብሰለስል አድራ፣ ጠዋት አይብ ያለበት የታፒዮካ ቂጣዋን እንኳ በቅጡ አልበላችም።

"በሉ እጃችሁን ደብቁ" አለ አዳኢልተን፣ ጣቱን እየላሰ። "ዜሮ ወይስ አንድ።"

ሦስት ጡጫ ወጣ።

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። በስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም።

"ጣትሽ ምን ሆነ?" አለ ግሌይድሰን።

"ምንም አልሆነም። እንድገመው።"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ደገሙት። ግራ የገባው ግሌይድሰን ጣት አወጣ፤ ሁለቱ ጡጫ።

"ዕድል የለህም ወንድሜ" አለችው ኒልዳ፣ ቁልፉን እየሰጠችው።

የመጀመሪያው ማዕበል ሲያነሳት የምታውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራች፤ ሁለተኛው ላይ የማታውቃቸውንም ጨመረች። አዳኢልተን ከፊቷ ሆኖ "ጉልበትሽን እጠፊ! እንደ ግንድ አትገተሪ!" እያለ ይጮህባታል። ወደቀች፣ ውሃ ጠጣች፣ ተነሳች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማዕበሉ ከሥሯ እያለፈ እሷ ከላይ መቅረቷን ስታስተውል ብቻዋን ሳቀች። ስድስት ዓመት ምን ስሠራ ነበር ብላ ተናደደችም።

በዚህ መሃል ወደ ዳርቻው ዞር ስትል ፒክአፑ ቆሟል። የኋላ ጎማው እየዞረ አሸዋ ይረጫል፣ መኪናው ግን ፈቀቅ አይልም። የባሕሩ ሙላት ደግሞ እየቀረበው ነው። አዳኢልተን ርቆ ሄዷል፤ አላየም።

ወደ ዳርቻው ወጣች። ግሌይድሰን ሮጦ ካይቷን ያዘላት። ላቡ ይንቆረቆራል።

"ጎማውን አስተንፍሰሃል?"

"ጎማው እኮ ደህና ነው።"

"ደህና መሆኑ ነው ችግሩ። አሸዋ ላይ በተነፋ ጎማ ማን ይነዳል? ከአያትህ ጀምሮ እዚህ ተወልዳችሁ!"

በየጎማው አፍ ስንጥር ሰክተው ግማሹን አየር አስወጡ። ግሌይድሰን ወደ ጎን ወንበር ሊገባ ሲል ከኋላው ሸሚዙን ይዛ ወደ መሪው መለሰችው። "ቀስ። አትርገጠው። እንቁላል የጫንክ አስመስል።" መኪናው አቃሰተ፣ ተንገዳገደ፣ ውሃው የኋላ ጎማውን ሲነካ ወጣ።

ግሌይድሰን ወርዶ ቁልፉን ዘረጋላት። "በቃ፣ ያንቺው ነው። ካይትሽን ጠቅልዪና ንጂ።"

ልቧ ከጀለ። የሹፌሩ ወንበር ጥላ አለው።

"ጡጫችሁን አውቅ ነበር" አለችው።

"የቱን ጡጫ?"

"የስድስት ዓመቱን።"

ግሌይድሰን እግሩን አየ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ፈርቼ ነዋ። ባሕሩን። ለእናንተ ያዘንኩ እንዳይመስልህ፣ ተንኮላችሁ ተመችቶኝ ነው። አሁንም እፈራለሁ። ካይቴን አስነሳልኝ።"

"እኔስ? ከፊት ደግሞ የወንዙ መሻገሪያ አለ።"

"አለ። ለእኔም እዛው ጋ ማዕበሉ ይብሳል አሉ።"

ግሌይድሰን ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ካይቷን ወደ ነፋሱ አንስቶ ለቀቀላት።

ኒልዳ ከዳርቻው ስትርቅ ዞር ብላ አየች። ፒክአፑ እንደ ኤሊ እየተጎተተ ይከተላታል። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። እጇን አውለበለበችለት፤ እሱ ግን መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ስለያዘ መልስ አልሰጣትም።