ጥርሱን ያመመው ሌባ ነው

ከረሜላ ሠሪው በቤቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ ጥርሱን ያመመው ልጅ ሌባ ነው። ስኳሩ የሚፈላው ጓሮ ባለችው ክፍል ነውና፣ ልጅ ካልሰረቀ ጥርሱ ከየት መጥቶ ይታመማል? ትልቁ ልጁ አንድ ጊዜ "ጥርሴን" ብሎ በቀበቶ ተገርፏል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ጥርሴን ያለ የለም።

ሰውየው ታዲያ ከረሜላው መድረቁን የሚያውቀው በጆሮው ነበር። ከየድስቱ አንዲት ፍሬ ያነሳና መካከለኛ ልጁን ሚጡን ጠርቶ "ንከሺ" ይላታል። ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ካላለ ድስቱ ተመልሶ ይጣዳል። ይሄ ሥራ ነው፣ መብላት አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ በቀን ስንቴ እንደምትነክስ አስቦ አያውቅም፤ ማሰብ ሙያው አልነበረም።

ሚጡ በአንድ በኩል ብቻ ማኘክ ጀመረች። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቆይቶ ዳቦዋን ለታናሽ እህቷ መስጠት አበዛች፣ ወሬም ቀነሰች። እናቷ "ልጄ አደብ ገዛች" ብላ ለጎረቤት አወራች። ዓይን አልጠፋባትም እኮ፣ እናት ተብዬዋ።

ጉንጯ አብጦ ትኩሳት ሲጥላት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሟ አፏን ከፍታ አየችና መቼ እንደጀመራት ጠየቀቻት። ልጅቷ ያየችው አባቷን ነው።

"አያመኝም" አለች። "እኔ አልሰረቅኩም።"

ሐኪሟ ወደ አባትየው ዞረች። መግሉ አጥንት ድረስ ዘልቋል፣ ከሥር የሚመጣውንም ጥርስ ሳያበላሸው አልቀረም አለችው። ልጅ አመመኝ እስኪል አይጠበቅም፣ አበላሉ ይናገራል። ጣፋጭ ታበዛለች ወይ ስትለው ተቆጣ፤ በእኔ ቤት ከረሜላ የሚቀምስ ልጅ የለም አለ። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው፤ ሰውየው የዋሸ አልመሰለውም።

ሁለት ጥርስ ሲነቀልላት ትንፍሽ አላለችም። አባቷ መንገዱን ሙሉ ጉብዝናዋን ሲያወራ ሄደ።

በማግስቱ ድስቱ ሲወርድ ሚጡ መንከስ አልቻለችም። እሱም ብዙ አልተጨነቀም፣ ታናሿን ጠራ። ትንሿ በደስታ ፈነጠዘች፤ ለካ ስትቀና ኖራለች። ሚጡ በሩ ላይ እጇን ያዘቻትና ባበጠ አፏ አንሾካሾከችላት።

"ሲያምሽ እንዳትናገሪ። በሌላኛው በኩል አኝኪ።"