ለሽምግልና የሚሆን ቢች ክለብ

ቢች ክለብ ማለት እግዚአብሔር በነፃ የሠራውን ባሕር አጥሮ፣ ወንበርና ጥላ ደርድሮ መግቢያ የሚያስከፍል ቦታ ነው። የሽርሽር መርከብ ሜክሲኮ ሲደርስ ኮዙሜል ላይ አንድ ቀን ይቆማል። ተሳፋሪው ይወርድና ከነዚህ ክለቦች ወደ አንዱ ሄዶ ይውላል፤ መርከቡ ሳይነሳ ይመለሳል። የቱ ክለብ ይሻላል እያለ ከወራት በፊት የሚጨቃጨቅ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ሆኖም ባለፈው ክረምት፣ በረዶ እየጣለ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አፓርታማ ውስጥ ተቀምጬ ስለ ቢች ክለብ ስጨቃጨቅ ዋልኩ። ምክንያት ነበረኝ።

ምክንያቴ የእህቴ ልጅ ያኔት ናት። ያኔት ልታገባ ነው። አባቷ ገና በልጅነቷ ሞቷል። የሚያገባት ልጅ ወገኖች ሽማግሌ ሲልኩ ከፊታቸው ተቀምጦ «ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?» የሚላቸው ሰው ከእኛ ቤት ያስፈልጋል። ያ ሰው ታላቅ ወንድማችን ሥዩም ነው። ልጅቷም የምትፈልገው እሱን ነው፤ ብስክሌት ያስተማራትም፣ ኮሌጅ ፓርክ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዕቃዋን ተሸክሞ ያደረሳትም እሱ ነው። ችግሩ፣ ሥዩምና የያኔት እናት ስሂን መነጋገር ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏል። እሱ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሷ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የሚለያቸው አንድ ድልድይ ነው።

ስሂን መፍትሔ አገኘሁ ብላ ታኮማ ፓርክ ቤቴ ድረስ መጣች።

«ያፌት፣ ሽማግሎቹን አንተ ተቀበልልኝ።»

«ሥዩም ሞቷል እንዴ?»

«ለእኔማ...»

«እንዳትጨርሺው!» አልኳት።

አልቀበልም አልኩ። ታላቅ ወንድሜ በሕይወት፣ ያውም እዚሁ ከተማ እያለ በእሱ ቦታ አልቀመጥም። የሚመጡት ሰዎች ገና ሳይቀመጡ «ታላቃችሁ የት አለ?» ነው የሚሉት። ታሟል ልበል? አገር ቤት ሄዷል ልበል? ሰው ቤቱን በውሸት እየከፈተ ልጁን ይድራል? ስሂን ተቆጥታ ሄደች። እኔም ተቆጥቼ ቀረሁ።

የጠባቸው መነሻ ምንድን ነው ብላችሁ የምታውቋቸውን ሁሉ ብትጠይቁ «የአባታቸው ተዝካር ነው» ይሏችኋል። አባታችንን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው ስሂን ናት፤ የሞተውም እሷ ቤት ነው። ሥዩም ግን እሷን ሳያማክር ሜሪላንድ ውስጥ አዳራሽ ይዞ ደገሰ። እሷም በዚያው ቅዳሜ ቨርጂኒያ ደገሰች። እንግዳው ለሁለት ተከፈለ። ሜሪላንድ ምሳውን በልቶ ቨርጂኒያ ለመክሰስ የደረሰም አልጠፋም።

ለማስታረቅ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ነበር። መጀመሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀመጥን፤ ሥዩም ተነስቶ ወጣ። ከዚያ አሌክሳንድሪያ ተቀመጥን፤ ስሂን «ሺፍቴ ደርሷል» ብላ ሄደች። ሽምግልናን እዚህ አገር የገደለው መኪና ነው እላለሁ። ሁሉም ሰው ቁልፉን በኪሱ ይዞ ነው ለዕርቅ የሚቀመጠው። ነገሩ ትንሽ ጠጠር ሲል ቁልፉ ይንሿሿል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ያኔት ከፋሲካ በኋላ ቤተሰቡን ሁሉ በመርከብ ልትወስድ ያሰበችው ስለዚህ ነው። ሁለቱም እሺ አሉ። ስሂን «መርከቡ ትልቅ ነው፣ አላየውም» አለች። ሥዩም «የምሄደው ለልጅቷ ነው» አለ። እንደተባለውም መርከቡ ትልቅ ስለሆነ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ሳይገናኙ ሳምንት ሊሰነብቱበት ይችላሉ። ለሽምግልና የቀረን ኮዙሜል ላይ የሚቆምበት ቀን ብቻ ነበር። የትኛው ክለብ እንደሚሻል የሚወስኑት ደግሞ ጋሽ ወልደአምላክ ሆኑ። የአባታችን የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ሁለቱንም ሽምግልና የመሩት እሳቸው ነበሩ።

አፓርታማቸው ውስጥ ያኔት ላፕቶፗን ከፍታ ፎቶዎቹን ታሳያቸው ጀመር።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ውስጥ የሚያንሸራትት ስላይድ አለው፣ ዲጄ አለው፣ መጠጡ አንሊሚትድ ነው።»

«ይቅር። በመጠጥ የታረቀ ጠዋት ይክዳል።»

«ኦኬ። ይሄኛው ደግሞ ለመርከቡ ቅርብ ነው። ዎክ አድርገን እንደርሳለን።»

«በእግር ይደረሳል?»

«የስ! ፋይቭ ሚኒትስ።»

«እንግዲያው ያኮረፈ ሰው በእግሩ ይመለሳል። ይቅር።»

ያኔት እኔን አየችኝ። «አንክል፣ የቀረው አንድ ነው። እሱ ሩቅ ነው። ሰው ብዙ አያስገቡም። ሙዚቃ የለም። ቫን ወስዶ ከሰዓት በኋላ ይመልሳል። ሪቪው ላይ የሄዱበት ሰዎች ሶ ቦሪንግ፣ ይደብራል ይላሉ።»

«ታክሲስ አለ?» አሉ ጋሽ ወልደአምላክ።

«በስልክ ነው የሚጠራው። ፎርኤቨር ይፈጃል ይላል።»

«ተባረኪ ልጄ፣ እሱን ያዢ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እስር ቤት ነው!» አልኩ።

«እስር ቤት ሰው ይታረቃል። አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ምን ምርጫ አለው?»

ነገሩ አስቆጣኝ። ስለ ጥላው ተጨቃጨቅን፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ርቀት ተጨቃጨቅን፣ አሸዋው ለጉልበታቸው ይሆን እንደሆን ተጨቃጨቅን። ፎቶዎቹን ደጋግመን አየን። ያኔት ለእናቷ ደውላ ቦታው እንደተመረጠ ነገረቻት።

«እሱም ይመጣል?» አለች ስሂን።

«ኤቭሪዋን ኢዝ ካሚንግ፣ ማሚ። ኢትስ ማይ ዌዲንግ።»

ሥዩምም ስላይድ የለውም ተብሎ ትንሽ አጉረመረመና እሺ አለ። ልታገባ ያለች ልጅን እምቢ የሚል ሰው በእኛ ቤት የለም።

ኮዙሜል የደረስን ዕለት ጋሽ ወልደአምላክ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ከመርከቡ ወረዱ። የቀረነው ቁምጣ ለብሰናል። ቫኑ ውስጥ ስሂን ከሾፌሩ አጠገብ፣ ሥዩም ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። መንገዱን ሙሉ ያወራችው ያኔት ብቻ ናት።

ክለቡ ሪቪው እንደሚለው ነው። ጸጥ ያለ፣ ሰው የማይበዛበት፣ ጥላውም ጥሩ። ወንበሮቹን ስናይ ግን ሁላችንም ቆምን። ከባድ የእንጨት ወንበሮች ናቸው፤ በአንድ መስመር ተደርድረው እግራቸው አሸዋው ላይ ከተነጠፈው ሳንቃ ጋር በብሎን ታስሯል፤ ሁሉም ፊታቸው ወደ ባሕሩ ነው።

ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ሽማግሌው መሀል ይሆናል፣ ባለጉዳዮቹ ፊት ለፊት ይሆናሉ፣ የአንዱ ፊት ሲለዋወጥ ሌላው ያያል። እኛ ያን ሁሉ ፎቶ አገላብጠን፣ ስለ ጥላና ስለ መጸዳጃ ቤት ተከራክረን፣ ወንበሩ ወዴት እንደሚያይ አንዳችንም አላየንም። ሜክሲኮ ድረስ ባሕር አቋርጠን የመጣነው ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት ለማስቀመጥ ነበር።

«አዙሯቸው» አሉ ጋሽ ወልደአምላክ።

«ታስረዋል ጋሼ።»

«ይፈቱ!»

አስተናጋጁን ጠርቼ ተከራከርኩ። እንግሊዝኛ ጨረስኩ፣ ያለችኝን ስፓኒሽ ጨረስኩ። ሰውዬው እየሳቀ ባሕሩን ያሳየኛል፤ ባሕሩን ማየት የማይፈልግ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። ጋሽ ወልደአምላክ በመጨረሻ «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብለው አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሥዩም በቀኛቸው፣ ስሂን በግራቸው ሆኑ። እኔ ከስሂን ቀጥዬ ተቀመጥኩ። ያኔት ሂጂ ዋኚ ተባለች። ጉልበቷ ድረስ ገብታ ወደ እኛ ዞራ ቆመች።

ጋሽ ወልደአምላክ መርቀው ጀመሩ። እንደተለመደው ስለ ተዝካሩ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ቅዳሜው አነሱ። አስተናጋጁ አናቱ የተቆረጠ ኮኮናት በየእጃችን ሰጥቶን ሄደ። ሁላችንም ኮኮናታችንን ይዘን ውሃውን እናያለን። ሲኒማ ቤት የገባን ነው የምንመስለው። ልነሳ ስል ሥዩም ተናገረ። ለማንም አልነበረም የሚናገረው።

«የአዳራሹ ነገር ለእኔ ምንም አይደለም» አለ። «አባቴ ማታ ሞተ። እኔ ጠዋት ሥራ ቦታ ደርሼ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ፌስቡክ ስከፍት አየሁት። ፎቶው ላይ ሻማ አድርገውበታል። የማላውቀው ሰው ነፍስ ይማር ብሏል። አንድ ስልክ ቢደወልልኝ ያን ድልድይ ተሻግሬ ሳይቀዘቅዝ እጁን እይዝ ነበር።»

ሥዩም እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እኛ ቤት ወንድ ልጅ ሰው ዓይኑን እያየው እንዲህ አይልም።

ስሂን ዓይኗን ከባሕሩ አልነቀለችም።

«ተናገሪ እንጂ!» ጮህኩባት።

«ምን ልበል? የሆነው እንዳለው ነው። አልደወልኩም።»

«ለምን?»

ከንፈሯን ነከሰች። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። የሁለት ዓመት ነገር ተገኘ ስንል መልሳ ልትቆልፈው ነው። ያኔ ጋሽ ወልደአምላክ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እሷን ተዋት» አሉ። «አትደውዪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ሥዩም ከወንበሩ ቀና አለ።

«ስልኩን ይዛ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም አልኳት። ብቻውን መኪና ሲነዳ ይሰማና ሌላ ጉድ ይመጣል፣ ሊነጋጋ ሲል ሰው ይዘን ቤቱ እንሄዳለን አልኩ። ሄድንም። በርህን ስናንኳኳ ወጥተሃል አሉን።»

መርዶ ሲነገር ሰው ተሰብስቦ በማለዳ እንዲሄድ ያደረጉት አባቶቻችን ጨካኞች አልነበሩም። ሟቹ ሩቅ ነው፣ ተቀብሯል፣ መርዶ ሰሚው ሮጦ የሚደርስበት የለም፤ ቢያንስ ብቻውን አይስማ ነው ነገሩ። አባታችን ግን ገና አልጋው ላይ ነበር፤ ልጁም ቅርብ ነበር። ወጉን ለምን እንደተሠራ ሳይጠይቁ እንዳለ ተሸክሞ ውቅያኖስ መሻገር ይሄን ያመጣል። ይህንኑ ጋሽ ወልደአምላክ ላይ ተናገርኩት፤ ዝግ ባለ ድምፅም አልነበረም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሊያስታርቁ ሲቀመጡ ይሄን ይዘው ነው?»

«ስለ አዳራሽ ነው ያላችሁኝ!» አሉ። «ሁልጊዜ አዳራሽ፣ አዳራሽ! የስልኩን ነገር ከአፉ የሰማሁት ዛሬ ነው። እሷም አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።»

ሥዩም ጋሽ ወልደአምላክን አልፎ እህቱን አየ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? የአባታችንን ጓደኛ ላሳጣቸው? አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ? ለአባቴ ተዝካር የጥሪ ካርድ በፖስታ ላክህልኝ፣ ሥዩም! በፖስታ! ስሜን ታይፕ አስደርገህ!»

ሥዩም ኮኮናቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እሱ ጥፋት ነው» አለ።

ጋሽ ወልደአምላክ ከወንበራቸው ወረዱና አሸዋው ላይ ሊንበረከኩ ጉልበታቸውን አጠፉ። ሥዩምና ስሂን እኩል ዘለው በሁለት ክንዳቸው ያዟቸው።

«ኧረ በሕግ፣ ጋሼ!»

«ምን ሆነዋል ጋሼ? ኧረ ይነሱ!»

ያኔት ከውሃው እየሮጠች መጣች። «ሶ? አር ዊ ጉድ? ታረቃችሁ?»

ሥዩም ጋሽ ወልደአምላክን መልሶ አስቀመጠና እጁን ከአሸዋ አራገፈ። «ሽማግሎቹ መቼ ነው የሚመጡት?» አላት።

«ጁላይ።»

«መጀመሪያ በመጡበት ቀን እሺ አልልም። እናስብበት ብዬ እመልሳቸዋለሁ።»

«አንክል፣ ኖ! ከዳላስ እኮ ነው ፍላይ የሚያደርጉት!»

«ይመላለሱ። ልጄን መንገድ ላይ አላገኘኋትም።»

«አንድ ጊዜ ይበቃል» አለች ስሂን። «ሁለት ጊዜ ማን ሊያበላቸው ነው? ጓዳ የምገባው እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን አገባሽ? የሚመጡት እኔ ቤት ነው። ታላቅ ቤት።»

«ሲልቨር ስፕሪንግ? አሌክሳንድሪያ ያሳደግኳትን ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ሊጠይቋት?»

«ወንበሩስ? ያንቺ ሳሎን ስንት ሰው ይይዛል?»

«ካንተ ቤዝመንት ይሻላል!»

ተያይዘው ወደ ምግብ ቤቱ ጥላ ሄዱ፤ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። ያኔት አጠገቤ ቆማ ትንሽ አዳመጠቻቸው።

«አር ዘይ ፋይቲንግ?»

«አዎ» አልኳት።

አጎቷ በለቀቀው ወንበር ላይ ጋደም አለችና አስተናጋጁን ጠርታ ለሁላችንም ምሳ አዘዘች።